ላዕል ያለ ታህት

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግድግዳ ድሮ የሚሸከመው የመሪውን ፎቶግራፍ፣ የቀን መቁጠሪያና ስለ ጉቦ የሚያስጠነቅቅ ወረቀት ነበር። አሁን ግራፍ ተጨምሮበታል። ከጀሞ ተነስታችሁ በየትኛውም አቅጣጫ ጉዳይ ለማስፈጸም ብትሄዱ፣ ወረፋ ስትይዙ ዓይናችሁ የሚያርፈው በሁለት ቀለም በቆሙ ዘንጎች ላይ ነው፤ ሰማያዊው «ዕቅድ»፣ አረንጓዴው «ክንውን»። ከጎኑ ደግሞ እንደ ድፎ ዳቦ የተቆራረሰ ፓይ ቻርት ይሰቀላል። እንደ ድፎ ያልኩት ለጨዋታ አይደለም፤ ውፍረት ሁሉ ሰጥተውት ከፊት ያለው ቁራሽ ከኋላ ካለው እኩያው ገዝፎ ይታያል።

ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር ለኖረ ሰው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር ሁሉ ድርሰት ነው። ተራኪ አለው፣ የሚያናግረው ሰው አለው፣ ሳይናገር የዘለለውም ነገር አለው። ስለዚህ ተማሪዎቼ አጭር ልቦለድ ጽፈው ሲመጡ እጠይቃቸው የነበረውን ግራፉንም እጠይቀዋለሁ። ማነው የሚያወራው? ለማን ነው? የመቼውን ነው? ምኑን ተወው? መቼም ወረፋው ረጅም ነው፣ ጊዜ ሞልቷል። አብዛኞቹ የሚወድቁት ገና በመጀመሪያው ፈተና ነው። ዓመት የላቸውም። ዓመት ያላቸው ደግሞ መነሻቸው ተቆርጧል፤ ዘንጉ የሚጀምረው ከዜሮ ሳይሆን ከ90 ስለሆነ 97 ያመጣው ጽሕፈት ቤት 92 ያመጣውን በቁመት ሦስት እጥፍ ተኩል ያክለዋል። በዓይን ማለቴ ነው። በሥራ የሚበልጠው በ5 ነጥብ ነው።

ደግሞስ «ክንውን 97 በመቶ» ማለት ምን ማለት ነው? ከዕቅዱ ነዋ። ዕቅዱስ ከምን? ለምሳሌ ያህል በአንድ ወረዳ መከተብ ያለባቸው ሕፃናት 10,000 ናቸው እንበል። ዕቅዱ 1,000 ከሆነና 970 ከተከተቡ ግራፉ 97 በመቶ ይላል፤ የተከተቡት ግን ከ10 ልጅ አንድ እንኳ አይሞሉም። (ቁጥሩን እኔ ነኝ ያመጣሁት፤ የየትኛውም ወረዳ አይደለም፣ ማንም እንዳይቀየመኝ።) የሒሳብ መጻሕፍታችን ለክፍልፋይ ሁለት ያማሩ ቃላት አሏቸው፤ ከሰረዙ በላይ ያለው ላዕል፣ ከሰረዙ በታች ያለው ታህት። የግድግዳ ግራፎቻችን በሽታ እዚህ ላይ ነው። ላዕሉን በአረንጓዴ ቀለም ያሳዩናል፤ ታህቱን አይነግሩንም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ታህቱ ተሰጥቶ አንባቢው ይዘለዋል። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ በኋላ ጤና ሚኒስቴር በየቀኑ መግለጫ ያወጣ ነበር፤ የተመረመረ ስንት፣ የተያዘ ስንት፣ ያገገመ ስንት፣ የሞተ ስንት። በዚህ አገር የመንግሥት አኃዝ እንደዚያ በጉጉት ተነብቦ የሚያውቅ አይመስለኝም። በታክሲውም በዳቦ ቤቱም ጥያቄው አንድ ነበር፤ «ዛሬ ስንት ሆነ?» ስንት ሆነ የሚባለው ታዲያ የተያዘው ብቻ ነው። ነሐሴ 2012 ላይ የአንድ ወር የምርመራ ዘመቻ ተጀመረ፤ የሚመረመረው ሰው በዛ፣ ተይዞ የሚገኘውም አብሮ በዛ። የተያዙትን ብቻ እየለቀመ መስመር የሳለ ሰው ተራራ ያወጣል። የተያዙትን ለተመረመሩት አካፍሎ የሳለ ሰው ሌላ ዓይነት መስመር ያገኛል፤ በሽታው ስለተስፋፋ የመጣውን ቁጥር ፍለጋው ስለተስፋፋ ከመጣው ለመለየት የሚረዳ። ሁለቱም ሰዎች የወሰዱት ከአንድ ወረቀት ነው።

እንግዲያስ ሥዕሉ ይቅርብንና ሠንጠረዡን እንደወረደ ይስጡን የሚል አይጠፋም። አልስማማም። ሠንጠረዥ መዝገበ ቃላት ማለት ነው፤ ሁሉ ነገር አለበት፣ ታሪክ ግን የለውም። እስቲ አንዱን እንውሰድ። በግንቦት 1999 ዓ.ም. የተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አዲስ አበባ ላይ 2,739,551 ሰው አገኘ። ያኔ ክፍለ ከተሞቹ 10 ነበሩ። በባር ግራፍ ስናቆማቸው ረጅሙ ኮልፌ ቀራንዮ ነው፣ 428,895። የካ 346,664 ይዞ ይከተላል፤ የኛው ንፋስ ስልክ ላፍቶ 316,283 ይዞ ሦስተኛ ይቆማል። መርካቶን ያቀፈው አዲስ ከተማ 255,372 ነው፤ ስድስተኛ። አቃቂ ቃሊቲ በ181,270 መጨረሻ ላይ ነው። ይህን ግራፍ ያየ ባለሥልጣን ሰው የበዛው ኮልፌ ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

አሁን እነዚያኑ ቁጥሮች ለመሬታቸው እናካፍላቸው። አዲስ ከተማ ስፋቱ 7.41 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በአንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ34,000 በላይ ሰው ይደርሰዋል። ንፋስ ስልክ ላፍቶ 68.3 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ተንጣሎ ወደ 4,600 ነው የሚደርሰው። ስድስተኛ የነበረው አንደኛ ወጣ፤ አንደኛ የነበረው ኮልፌ ስድስተኛ ሆነ፤ እኛ ከሦስተኛ ወደ ሰባተኛ ወረድን። የትኛው ግራፍ ነው እውነተኛው? ሁለቱም። ዱቄትና ክትባት የሚያከፋፍል ሰው የመጀመሪያው ያስፈልገዋል፤ የእሳት አደጋ መኪና በየት በኩል ይገባል፣ መጸዳጃ ቤት ስንት ሰው ይጋራዋል የሚል ሰው ሁለተኛውን ይፈልጋል። ሠንጠረዡ ይህን ጠብ አያሳያችሁም። ሥዕሉ ነው የሚያሳየው፤ ያውም ሁለቱን ጎን ለጎን ካስቀመጡት። የኛ ግድግዳዎች አንዱን ብቻ ይሰቅላሉ፤ ሁልጊዜም የሚያምርላቸውን።

(አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ የሚባል 11ኛ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ተቋቁሟል። የ1999ን ቦሌ ከዛሬው ቦሌ ጎን የሚያቆም ግራፍ እንግዲህ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ቦታዎችን ነው የሚያወዳድረው። ግርጌው ላይ አንድ መስመር ማስታወሻ ካልተጻፈበት፣ ቦሌ ውስጥ ሰው ያለቀ ያስመስላል።)

ከዚህ ሁሉ ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ የራሴ ሰፈር ነው። በዚያ 316,283 ውስጥ ዛሬ የምናውቃት ጀሞ የለችም። ጀሞ 1፣ ጀሞ 2፣ ጀሞ 3 እያልን የምንጠራቸው ኮንዶሚኒየሞች ሰው የገባባቸው ከቆጠራው በኋላ ነው። ቆጣሪው መዝገቡን ይዞ ሲዞር እዚህ ያገኘው ነባሩን የአካባቢውን ሰው ነው። ዛሬ ብሎኮቹን የሞላነው እኛ ያኔ የተቆጠርነው ሌላ ቦታ ነው፤ አንዱ አራዳ በቀበሌ ቤት፣ አንዱ ቂርቆስ በኪራይ፣ አንዱ ክፍለ ሀገር ከወላጆቹ ጋር። ልጆቻችንስ? ዛሬ 18 ዓመት ያልሞላው የጀሞ ልጅ በየትኛውም አገራዊ የሕዝብ ቆጠራ ተቆጥሮ አያውቅም። ጀሞ ሚካኤል አካባቢ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቆማችሁ ዩኒፎርም የለበሰውን ብቻ ተመልከቱና ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባችኋል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። የመጀመሪያው በ1976፣ ሁለተኛው በ1987፣ ሦስተኛው በ1999 ተካሄደ። አራተኛው ለ2010 ታስቦ ተላለፈ፤ በ2011 ሊካሄድ ተዘጋጅቶ በሰኔ ወር ሁለቱ ምክር ቤቶች እንደገና አራዘሙት፤ በ2012 ኮሮና መጣ። ከዚያ ወዲህ ያለውን አንባቢ ያውቀዋል። የኢትዮጵያን ሕዝብ ብዛት በመስመር ለመሳል የሚነሳ ሰው በእጁ ያሉት የቆጠራ ነጥቦች ሦስት ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ትንበያ ነው። ትንበያ መጥፎ ነገር አይደለም፤ የታወቀ ሙያ አለው፣ የልደትና የሞት የፍልሰትም ስሌት አለው። ነገር ግን በወረዳው ውስጥ በየት በኩል በአንድ ክረምት የሕንጻ ጫካ እንደበቀለ አይነግራችሁም። እኔን የሚያናድደኝ ሠዓሊዎቹ የተቆጠረውንና የተገመተውን በአንድ ቀለም፣ በአንድ ውፍረት መሳላቸው ነው። ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ፣ የዓይን ምስክር ቃልና የራሱን ፈጠራ ሳይለይ ቀላቅሎ «ታሪክ ነው» ብሎ የሚያስገባ ተማሪ ወረቀቱን በቀይ እስክሪብቶ ተጥለቅልቆ ይቀበል ነበር። ከ1999 በኋላ ያለው መስመር ቢያንስ ነጠብጣብ መሆን አለበት።

ነገሩ የቀለም ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለውኃ መስመር የሚወጣው ዕቅድ ሁሉ ከሥሩ የሰው ቁጥር አለበት፤ ታህቱ ማለት ነው። ታህቱ ከእውነተኛው ሰው ካነሰ አገልግሎቱ የተትረፈረፈ መስሎ ይታያል። በጤናው ዘርፍ የክትባት ሽፋናቸው ከ100 በመቶ አልፎ የሚመጣ የወረዳ ሪፖርቶች የታወቀ ነገር ናቸው። ካለው ሕፃን በላይ ሕፃን ተከተበ ማለት እኮ ነው! እንዲህ ያለ ቁጥር ግራፍ ላይ ሲወጣ የሚደረገው ዘንጉን 100 ላይ ቆርጦ ማስተካከል ሳይሆን፣ ታህቱ ተበላሽቷል ብሎ በቀይ ማመልከት ነበር።

ሥዕሉ በትክክል ሲሳል ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለማየት የአማራ ክልልን ሁለት ነጥቦች ማገናኘት ይበቃል። በ1987 ቆጠራ 13,834,297፤ በ1999 ቆጠራ 17,221,976። ሁለቱን በየገጻቸው ስታነቧቸው ቁጥር ጨምሯል፣ አለቀ። የአገሪቱን መስመር ከላይ ስታሰምሩበት ግን የአገሪቱ በዓመት 2.6 በመቶ ሲወጣ የክልሉ በ1.7 በመቶ ያዘግማል፤ በሁለቱ መሐል ሰፊ ክፍተት ይከፈታል። ውጤቱ በ2001 ፓርላማ ሲቀርብ ሙግቱ የተነሳው በዚሁ ክፍተት ነው። መስመሩ የጎደሉት ያልተወለዱ ናቸው፣ የተሰደዱ ናቸው፣ የሞቱ ናቸው ወይስ ያልተቆጠሩ ብሎ አይፈርድም፤ ግራፍ ዳኛ አይደለም። ጥያቄው በትክክል የት ላይ እንደሆነ ግን በጣቱ ያሳያል። ለሙግት ቦታ መስጠት ቀላል ሙያ አይደለም።

በዚህ አገር ከልብ የተደከመባቸው ሥራዎች የሉም ብዬ ግን አላማም። የያኔው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ (ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው) ከኢትዮጵያ ልማት ምርምር ኢንስቲትዩትና ከዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ጋር ሁለት ትልልቅ አትላሶች አውጥቷል፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2006 የገጠሩን ኢኮኖሚ፣ ሌላው እ.ኤ.አ. በ2010 የ1999ን ቆጠራ በካርታ የሚያሳይ። ሠንጠረዥ ውስጥ ተቀብሮ የኖረ ቁጥር መልክ ያገኘባቸው ሥራዎች ናቸው። ገበሬው የት ምን ያመርታል፣ መንገድ የት ያልቃል የሚለውን ገልጦ ማየት ይቻላል። ሁለት ቅሬታ አለኝ። አንደኛው፣ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ የወረዳ ምክር ቤት አባል ወረዳውን በካርታ ላይ ሊያገኘው ይችላል፣ ስለ ወረዳው የተባለውን ግን አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው የእንዲህ ዓይነት ካርታ ሁሉ ጠባይ ነው። ወረዳን በሙሉ በአንድ ቀለም ስትቀባ ዓይን የሚከተለው የመሬቱን ስፋት እንጂ የሰውን ብዛት አይደለም። በምሥራቅ ሰፊና ሰው የሳሳባቸው ወረዳዎች ገጹን ይሞሉታል፤ አዲስ አበባ ከነሕዝቧ የዝንብ ጠብታ ታክላለች። ለዚህ መፍትሔ የሚሆኑ የአሳሳል ዘዴዎች አሉ፤ ቀለሙን በስፋት ከመቀባት ይልቅ ለተወሰነ ሰው አንድ ነጥብ መበተን አንዱ ነው።

ከእነዚህ በፊትም ሌላ ሰው ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን ብዙው ሰው በፖለቲካው ነው የሚያውቃቸው፤ ሙያቸው ግን ጂኦግራፊ ነበር፣ የኢትዮጵያን አትላስ ያዘጋጁ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ባሉት 20 ዓመታት የገጠሩ ሕዝብ ለረሃብ የነበረውን ተጋላጭነት መረመሩ። ከዋና ምንጮቻቸው አንዱ የመንግሥት የራሱ መዝገብ ነበር፤ ከየአውራጃው ተጽፎ ወደ አዲስ አበባ የተላከ፣ ፋይል ውስጥ የተኛ ወረቀት። አንድ ደብዳቤ ብቻውን የአንድ አውራጃ መጥፎ ዓመት ነው። ደብዳቤዎቹ በዓመትና በአውራጃ ተደርድረው ካርታ ላይ ሲወጡ ግን በእነዚያ 20 ዓመታት ረሃብ ያልነበረበት አንድም ዓመት እንደሌለ ታየ። «ድንገተኛ አደጋ» የሚለው የመግለጫ ቃል ከዚያ በኋላ እንዴት ይቆማል? ቁጥሩን መንግሥት ነው የሰበሰበው፤ ያነበበው ሌላ ሰው ነው። ፕሮፌሰሩ በመስከረም 2013 ዐረፉ፤ ያ መጽሐፍ በየዩኒቨርሲቲው የሥነ ጽሑፍ ክፍልም ቢነበብ ደስ ይለኝ ነበር።

ከውጭ አንድ ምሳሌ ብቻ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1900 ለፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ጥቁሩ አሜሪካዊ ምሁር ደብሊው ኢ ቢ ዱ ቦይስ ከአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻቸው ጋር 60 የሚደርሱ ሰንጠረዦችና ካርታዎች በእጃቸው ሠርተው አቀረቡ። ቀለማቸው ደማቅ ነው፤ አንዳንዱ እንደ ቀንድ አውጣ ይጠመዘዛል። የጆርጂያ ጥቁሮች ስንት መሬት ገዙ፣ ስንቱ ማንበብ ተማረ፣ በምን ሥራ ይተዳደራል የሚል ነው። አብዛኛው ቁጥር የመጣው ከአሜሪካ መንግሥት ቆጠራና ከጆርጂያ ግዛት መዝገብ ነው፤ እነዚህን ሰዎች ዝቅ አድርጎ ከሚያይ አስተዳደር መዝገብ ማለት ነው። የተቆጠሩት ሰዎች የተቆጠሩበትን መዝገብ ወስደው ራሳቸው ሳሉት። እኔ ለጀሞ የምመኘው ይህንን ነው።

ይቻላል ወይ? እንቅፋቱ ብዙ ነው። አንደኛው የቁጥሩ ንጽሕና ነው፤ ለኮንዶሚኒየም ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ለ25,491 ቤቶች ዕጣ ወጣ፣ እልል ተባለ። ቀናት ሳይቆይ፣ ወደ ሥርዓቱ የገባው መረጃ ተነካክቷል ተብሎ ከተማ አስተዳደሩ ራሱ ዕጣውን ሰረዘው፤ በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። ያን የሐምሌውን ውጤት ወስዶ በክፍለ ከተማ፣ በጾታ፣ በቤት ዓይነት የሚያምር ግራፍ መሥራት ይቻል ነበር። የሚያምር ግራፍ ይሆን ነበር፤ የተበላሸ መረጃ ግራፍ።

ሌላው እንቅፋት ቁጥሩ የሚሰጥበት መልክ ነው። የሚወጣው ሪፖርት ብዙ ጊዜ ፎቶ ተነስቶ የተለጠፈ ወረቀት ነው፤ በዓይን ይነበባል እንጂ ወደ ስሌት አይገባም፣ የሚፈልገው ሰው ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ መልሶ መጻፍ አለበት። ከልካይ ሳይኖር የተከለከለ ማለት ይህ ነው።

በኛ ብሎክ አካባቢ የሚኖር አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ከልካዩንም ፈቃጁንም አልጠበቀም። በክረምት ዕረፍቱ ደብተር ይዞ በየደረጃው እየወጣ፣ እያንዳንዱ በር ላይ ስንት ሰው እንደሚኖርና ስንቱ ተማሪ እንደሆነ ጠየቀ። ከዚያ በካርቶን ላይ ሳለውና ከኮሚቴው ማስታወቂያ ጎን ለጠፈው። እንደ ሃያሲ ከጠየቃችሁኝ ቀለሙ አያምርም፤ ቢጫ በነጭ ላይ ማን ያነበዋል? የፊደሉም አጣጣል ግራ ቀኝ ይላል። ነገር ግን ግርጌው ላይ ቀኑን ጽፏል። ስንት በር እንዳንኳኳ ጽፏል። ያልከፈቱለትን በሮች አልዘለላቸውም፤ ባዶ ሣጥን ስሎ «መልስ የለም» ብሏቸዋል። ከመሥሪያ ቤት ግድግዳ እስከ ታተመው አትላስ ስመለከት ከርሜ፣ ያላወቀውን በሥዕል ያሳየ ግራፍ እንዲህ ሰፈሬ ድረስ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ሰዉ ከቦት ቆሞ ይከራከራል። አንዲት እናት ጣታቸውን ካርቶኑ ላይ አድርገው፣ «ስማ የኔ ልጅ፣ ተከራዩንና ባለቤቱን ለይተኸዋል?» አሉት።

«አልለየሁም እትዬ።»

«እንግዲያው ምኑን ቆጠርከው? እዚህ ሕንጻ ላይ እኮ ከግማሽ በላዩ ተከራይ ነው፤ ዛሬ አለ፣ ነገ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል።»

ልጁ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ እውነታቸውን ነው አይደል?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ካርቶኑን ነቅሎ በብብቱ ሸጎጠና፣ ደብተሩን ሊያመጣ ደረጃውን ወጣ።